ማንም ሳያጠፋ ለመጣ ጥፋት ተጠያቂው ማን ነው?

በፊቅህ ኪታቦቻችን ውስጥ ስለ ጉዳትና ስለ ካሣ የሚናገረውን ምዕራፍ የቀራ ሰው፣ ዑለማዎች ነገሩን ምን ያህል አበጥረው እንዳዩት ያውቃል። አውቆ የጎዳ አለ፤ በስሕተት የጎዳ አለ፤ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው በመሄዱ ሌላው የወደቀበት አለ። ለሁሉም እንደየደረጃው ፍርድ ተቀምጦለታል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ የማይጠፋ ነገር አለ፤ ይኸውም «ይህን ያደረገው እገሌ ነው» ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ታዲያ ሁሉም ትክክለኛውን ሥራ ሠርቶ፣ ማንም ግዴታውን ሳያጓድል፣ ከትክክለኛ ሥራዎች ድምር ጉዳት ቢወለድስ? ያን ጊዜ ጥያቄው ለማን ይቅረብ?

ይህ ለመከራከሪያ ያህል የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። እኛ በምንኖርበት በመተማ ቆላ፣ በእያንዳንዱ ጤና ኬላ ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ነገር ነው።

ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ቦታ ናት። ከመተማ ዮሐንስ ቀጥሎ ድንበሩ፣ ከድንበሩ ማዶ የሱዳኗ ጋላባት ናት። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ያው ጊዜ ወባ የሚያይልበት ጊዜ ነው። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ደሙ ወባን አያውቅም፤ የሚያድረውም አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ በዚህ በር የሚገባው ስደተኛ በዝቷል። ትንኝ ፓስፖርት አትጠይቅም።

ቀድሞ ትኩሳት የያዘው ሰው ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ሲሆን፣ ወባ ይሁን አይሁን ሳይታወቅ የወባ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። በኋላ ፈጣን የወባ መመርመሪያ መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ትወጋለች፣ አንዲት ጠብታ ደም በትንሿ ፕላስቲክ ላይ ታኖራለች፣ ፈሳሽ ትጨምርበታለች፣ ጥቂት ትጠብቃለች። መስመር ከወጣ ወባ ነው፤ የመቆጣጠሪያዋ መስመር ብቻ ከታየች ወባ አይደለም። ኤሌክትሪክ በሌለበት፣ ሐኪም በሌለበት ቀበሌ ይህች ፕላስቲክ ስንት ነፍስ እንዳተረፈች አላህ ያውቃል። እኔ መሣሪያዋን የምወቅስ ሰው እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መመርመሪያዋ የምትፈልገው ራሱን ተውሳኩን አይደለም። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ የወባ ተውሳክ ወደ ደም የሚለቀውን፣ ኤችአርፒ-2 የሚል ስም የተሰጠውን ፕሮቲን ነው የምትፈልገው። ሌባን በዱካው እንደመያዝ ነው። ዱካ የማይተው ሌባ ቢመጣስ? እንዲህ ያለው ተውሳክ መጀመሪያ በፔሩ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ። ያን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን ጎድሎታል። ያለ እርሱም ይኖራል፣ ያሳምማል፣ ይገድላል፤ መስመር ግን አያወጣም። በኋላ በጎረቤታችን በኤርትራ እንዲሁ በብዛት ተገኘና አገሪቱ መመርመሪያዋን ለወጠች።

ወደ እኛም መጥቷል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑን የአማራ፣ የትግራይና የጋምቤላ አካባቢዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 የወባ ምልክት የታየባቸውን 12,572 ሰዎች መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ» በተባለ መጽሔት ወጣ። በዚህ ጂን መጉደል ምክንያት ብቻ መመርመሪያው ከ100 የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉትን (በትክክል 9.7) «ወባ የለባችሁም» ብሎ እንደሚሸኝ ገመቱ። መጠኑ ከቦታ ቦታ እጅግ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው ከ100 ውስጥ 5 ሲደርስ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልብ እንምጣ። ይህ ተውሳክ እንዴት በዛ? ማንም አላራባውም። ያበዛው ምርመራው ነው።

ሰሊጥ ያበጠረ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ወንፊት ማለት በላዩ የሚቀረውንና ከሥሩ የሚያልፈውን የሚለይ ነው። በመመርመሪያው የታየው ተውሳክ መድኃኒት ይወርድበታል፣ ዘሩም ይቆረጣል። ያልታየው ግን ባለቤቱ «ወባ የለብህም» ተብሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ከእርሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል። አንድ ወንፊት አንድ ጊዜ ቢነፋ ምንም ላይሆን ይችላል። በሺህ የሚቆጠሩ ወንፊቶች በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይዘው ሲነፉ ግን ያ ቀዳዳ የሚያሳልፈው ዘር ይነግሣል።

ምን ያህል ቶሎ? እዚህ ላይ ሒሳብ ያስፈልጋል። በመድረሳ ፈራኢድ የተማረ ሰው ደግሞ በዚህ ሒሳብ እንግዳ አይሆንም። ሙናሰኻት የሚባለውን ክፍል ያስታውሷል፤ ሟች ሞቶ፣ ንብረቱ ሳይከፈል ከወራሾቹ አንዱ ይሞታል፤ ደግሞ የእርሱ ወራሽ ይሞታል፤ እኛም ድርሻው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ስንት ስንተኛ እንደሆነ እናሰላለን። ጂንን በብዙኃን ውስጥ የሚቆጥሩ ሳይንቲስቶች የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ትውልድ ይህን ጂን የያዘው ስንት ስንተኛው ነው? በሚቀጥለውስ? ልዩነቱ፣ በፈራኢድ ድርሻው በሸሪዓ የተወሰነ ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ ድርሻውን የሚወስነው ማን ብዙ ወራሽ ትቶ እንደሚያልፍ መሆኑ ነው።

እስኪ ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንያዝ። ቁጥሩ ነገሩን ለማሳየት እኔ የመረጥኩት እንጂ ከኮኪት የተለካ አይደለም። ከ100 ተውሳክ 1ዱ ዱካ የሌለው ይሁን። ዱካ ያለው 10 ወራሽ በሚተውበት ጊዜ ዱካ የሌለው 11 ይተዋል እንበል፤ ብልጫው ይቺ ናት። ከሰው ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ሰው የሚደረገውን አንድ ዙር ሁለት ወር እንቁጠረው። ከ7 ዙር በኋላ፣ ማለትም ከዓመት በላይ አልፎ፣ ድርሻው ገና ከ100 ውስጥ 2 ነው። ማንም አይነቃበትም፤ ጤና ኬላው ደኅና ነው፣ ሪፖርቱም ደኅና ነው። ከ25 ዙር በኋላ ወደ 10 ይደርሳል፤ ይህ አራት ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ግማሹን ለመያዝ የሚያስፈልገው 23 ዙር ብቻ ነው። ከ1 እስከ 10 ለመድረስ የፈጀው ጊዜና ከ10 እስከ 50 ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዓይን የሚያየው ቁጥሩ ከተቆለለ በኋላ ነው፤ ሒሳቡ ግን ገና 2 ሳለ ይናገራል።

ይህ ጥበብ ረጅም ታሪክ አለው። አልጀብርን በኪታብ ያዘጋጀው የበግዳዱ አል-ኸዋሪዝሚ፣ ከኪታቡ ብዙውን ክፍል የሰጠው ለውርስ ሒሳብ ነበር። ወባን በትንኝ እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስ፣ ቀጥሎ የወባን ስርጭት በሒሳብ ቀመር ጻፈ፤ ወባን ለማጥፋት ትንኝን ሁሉ ከምድረ ገጽ ማጥፋት እንደማያስፈልግ፣ ከተወሰነ መጠን በታች ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃ ያሳየው በዚያ ቀመር ነው። እንግሊዛዊው ሃልዴን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ፣ ትንሽ ብልጫ ያለው ባሕርይ በስንት ትውልድ ምን ያህል እንደሚስፋፋ የሚያሰላ ተከታታይ ጽሑፍ አወጣ። ከላይ ያደረግናት ትንሽ ሒሳብ የዚያች ታናሽ እህት ናት። አንዳንድ ወንድሞች የበስራው አል-ጃሒዝ ስለ እንስሳት በጻፈው ኪታብ ዳርዊንን ቀድሟል እያሉ ሲኮሩ እሰማለሁ። በዚህ ዓይነቱ ፉክክር ብዙም አልደሰትም፤ የቀደመውን ከመቁጠር የቀረብንን መማር ይሻለናል።

አንድ አንባቢ «ተውሳኩ ድሮም እንዲህ ሆኖ ይሆናል፤ ምርመራው እንዳበዛው በምን ታወቀ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በእጅ ጽሑፍ ኪታብ ለኖርን ሰዎች ቅርብ ነው። አንድ ኪታብ በየአገሩ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ገልባጭ የራሱን ጥቃቅን ስሕተት ይጨምራል። ሃምሳ ቅጂ ብታገኙና ሃምሳውም አንድ ገጽ ጎድሏቸው፣ ከጎደለው ገጽ በፊትና በኋላ ያሉት ገጾች ላይም አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ቢኖራቸው፣ ሃምሳውም በቅርብ ጊዜ ከአንድ ቅጂ እንደተገለበጡ ትፈርዳላችሁ። ዘመናቸው የራቀ ቢሆን ኖሮ ግድፈታቸው በተለያየ ነበር። ተመራማሪዎቹ በጠፋው ጂን ግራና ቀኝ ያለውን ሲያነቡ ያገኙት ይህንኑ የመሰለ ነው። የዚህ ጂን ዘመድ የሆነ ሌላ ጂን በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ጠፍቶ ኖሯል፤ የዋናው መጥፋት ግን በኃይል እየተገፋ እንደተስፋፋ የሚያሳይ ምልክት አለው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ፣ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በሒሳብ ሞዴል ያወጡት ነገር ነው። ይህ ተውሳክ የሚጠቀመው ወባ በበዛበት ሳይሆን ባነሰበት ቦታ ነው አሉ። ምክንያቱም ወባ በበዛበት አገር አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ተውሳክ ይይዘዋል። ዱካ ያለው ከሌለው ጋር አብሮ ካለ መስመሩ ይወጣል፣ መድኃኒቱ ሁለቱንም ይጠርጋል። ወባ ባነሰበት ግን ዱካ የሌለው ብቻውን ይገኛል፤ ብቻውን ሲሆን ይሰወራል። እንግዲህ አጎበር ባከፋፈልን፣ ቤት በረጨን፣ በመረመርንና ባከምን መጠን ወባው ሲቀንስ፣ የቀረው በከፊል የሚሰወረው ይሆናል ማለት ነው። መልካም ሥራው ራሱ ለዚህ በር ይከፍታል። ይህን ከጤና ኬላ ወንበር ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ከአንድ ሺህ ሰዎች ትከሻ በላይ ቆሞ ማየት ይጠይቃል፤ ሞዴል የሚሉት ያን መቆሚያ ነው።

እዚህ ላይ «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ቃል ሲነሳ ፊታቸው የሚለወጥ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ይህን ቃል ይዞ ሲመጣ ዲኑን ሊያስጥሉት እንደሆነ ይሰማቸዋል። በበኩሌ ሁለት ነገር ተለይቶ ቢታይ እላለሁ። ከላይ የተነጋገርነው፣ የአንድ ዓይነት ተውሳክ ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ መለወጡ፣ በደም ጠብታ የተቆጠረ ነገር ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው የሚከራከረው ከዳርዊን ጋር ሳይሆን በትኩሳት ከሚነድደው ልጅ ጋር ነው። ሳይንቲስቶች ያንኑ ሒሳብ ይዘው ወደ ኋላ በመሄድ ስለ ሕይወት ሁሉ አመጣጥ፣ ስለ ሰው ልጅም ጭምር፣ ይናገራሉ፤ በዘርፉ ያሉት አብዛኞቹ በዚህ አይጠራጠሩም። በአባታችን በአደም (ዐ.ሰ.) ጉዳይ ግን የቁርኣን ቃል ያለ ስለሆነ፣ ዑለማዎቻችን ይህን እንዴት እንደሚያዩት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ያ ሌላ መጅሊስ የሚጠይቅ ነገር ነው። ልጅን ከሁለተኛው ፈርቶ የመጀመሪያውን እንዳይማር መከልከል ግን፣ የውርስ ጠብ ይመጣል ብሎ ፈራኢድን አለማስተማር ነው። የሒሳብ ሞዴልም ቢሆን ድርሻው ስንት እንደሆነ እንጂ የድርሻው ባለቤት ማን እንደሆነ አይናገርም፤ የተቆጠረው በአላህ ቀደር ውጭ ነው የሚል መስመር በቀመሩ ውስጥ አላየሁም።

ወደ ተጠያቂው እንመለስ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አላጠፋችም፤ መመሪያው «ሳትመረምሪ አትስጪ» ይላል፣ መመሪያውም ልክ ነው። መመርመሪያውን የሠራውም፣ የገዛውም፣ ያጓጓዘውም አላጠፋም። በሽተኛውም «የለብህም» ሲባል አልሐምዱሊላህ ብሎ ሄደ። ታዲያ ማን?

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተነገረላትን መርከብ ሁላችንም እናውቃታለን። በታችኛው ክፍል ያሉት ውኃ ለመቅዳት ላይኞቹን ላለማስቸገር ብለው በራሳቸው ድርሻ ላይ ቀዳዳ ሊያበጁ ያስባሉ። ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም። ላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይሰምጣሉ። ሁልጊዜ ስንሰማው የኖርነው እጃቸውን መያዝ የላይኞቹ ግዴታ መሆኑን ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ እጅ ለመያዝ መጀመሪያ ቀዳዳውን ማየት ያስፈልጋል። በመርከቧ ያለው ቀዳዳ በመጥረቢያ ድምፅ ይታወቃል። የእኛ ቀዳዳ ድምፅ የለውም፤ በሺህ ቤት ተበታትኖ፣ በእያንዳንዱ ቤት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አይሞላም። የሚታየው በተሰበሰበ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን የሚሰበስብ ሰው በሌለበት ሕዝብ ውስጥ ግዴታው በማንም ላይ አልወደቀም ማለት አይደለም፤ በሁሉም ላይ ወድቋል። ፈርድ ኪፋያ የምንለው ይህን ነው፤ የሚበቃ ሰው ከተነሳ ከሌላው ላይ ይነሳል፣ ማንም ካልተነሳ ሁሉም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ መጀመሪያ ላይ ሕክምናንና ሒሳብን የቆጠሩት ከዚህ ክፍል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸውን ድሮ ስቀራ እንደ አጋጣሚ ነበር የማየው፤ አሁን ግን ሁለቱ የማይነጣጠሉበት ቦታ እንዳለ ይታየኛል። ወላሁ አዕለም።

ሒሳቡ ግን የማይፈታው ነገር አለ። አንዲት እናት ትኩሳት ያለበትን ልጇን ይዛ መጣች፤ መስመር አልወጣም። ምናልባት ሌላ በሽታ ነው። ምናልባት ተውሳኩ ጥቂት ነው። ምናልባት መመርመሪያው በዚህ በረሃ ሙቀት ተበላሽቶ ይሆናል። ምናልባትም የሚሰወረው ነው። መድኃኒቱን ለመከላከል ያህል እንስጠው? ለመጣው ሁሉ ብንሰጥ ሌላ ወንፊት ዘረጋን ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ነው የሚያልፈው። ይህም ስጋት የምናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት፣ አርቴሚሲኒንን (የኮአርተምን ዋና ክፍል) ሳይቋቋም አይቀርም ተብሎ የሚጠረጠር ለውጥ ከ100 የወባ ሕሙማን ወደ 8 በሚሆኑት ላይ ማግኘቱን ገልጿል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከመመርመሪያውም የሚሰወሩ አሉ። ይህ ለውጥ መጀመሪያ የታየው እዚሁ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው።

እንግዲህ የዚህ ልጅ ጥቅም በአንድ በኩል፣ የነገዎቹ ልጆች ጥቅም በሌላ በኩል ቆመ። ሞዴሉ ሁለቱንም በቁጥር ያስቀምጣል፤ የትኛው ይመዝናል ብትሉት ዝም ይላል። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ብዙኃኑ ይቅደም ብለው ቶሎ ይፈርዳሉ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። በፊታችን የቀረበው ልጅ ሐቅ አለው፤ ስም አለው፣ እናቱ ቆማለች። ገና ላልተወለደ ልጅ ሐቅ ሲባል የእርሱ ትኩሳት ችላ አይባልም። የብዙኃኑን ሐቅ ልንከፍል የሚገባን ከእርሱ ላይ ቀንሰን ሳይሆን ቀዳዳውን በመድፈን ነው፤ ይኸውም ሌላ ዱካ የሚያይ መመርመሪያ በማምጣት፣ በተጠራጠርን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ልከን ደሙን በማይክሮስኮፕ በማሳየት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ መንገዱም ይርቃል። ያንን ዋጋ ሕዝቡና መንግሥት ተካፍለው ይሸከሙት እንጂ በአንድ ልጅ ራስ ላይ አይጫን።

በቤት ውስጥ የምናደርገው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ተጠያቂው ይታወቃል። ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ያቆመ፣ የተረፈውን ለሚቀጥለው ትኩሳት ወይም ለጎረቤት በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀመጠ አባወራ በየሰፈራችን አለ። ለጎረቤት ማሰቡ ደግ ነው። ነገር ግን በተውሳኩ ላይ ግማሽ መድኃኒት ማሳረፍ ጠንካራውን መርጦ ማስቀረት ነው፤ ጎረቤትም የሚደርሰው ግማሽ መድኃኒትና ያልተመረመረ ትኩሳት ነው። «የለብህም» የተባለ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ትኩሳቱ ካልለቀቀው «ተመርምሬአለሁ» ብሎ አይተኛ። ተመልሶ ይሂድ፤ በመመርመሪያው እንዳልታየ ለባለሙያዋ ይንገራት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ትላከው። የእርሱ መመለስ ልጆቹን ያተርፋል፣ እርሱ ራሱ ደግሞ ከሚቆጠሩት ውስጥ ይገባል።